ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ጥያቄን ልክ ማስያዝ፦ ዝርዝር መመሪያ

ሊኑክስ ዴስክቶፕ የሚጠቀም ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስኮት አለ። ፕሮግራም ልጫን፣ ዲስክ ልክፈት ወይም የሰዓት ሰቅ ልቀይር ሲል ብቅ ይልና ፓስወርድ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ የተጻፈውን ሳያነብ ፓስወርዱን መትቶ እንቴር ይላል። ሌላው ይሰለቸውና ጥያቄውን ከነጭራሹ የሚያጠፋበትን መንገድ ይፈልጋል። የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው፦ ኮምፒውተሩ ላይ ማን ምን እንደሚነካ የሚያይ ሰው አይኖርም።

እኔ የማምንበት ይህ ነው። ጥያቄው መቅረት የለበትም፣ መቀነስ ግን አለበት። በየደቂቃው የሚመጣን ጥያቄ ማንም አያነበውም። አልፎ አልፎ የሚመጣውን ግን ቆም ብሎ ያየዋል። ስለዚህ እዚህ የምንሠራው የማያስፈልጉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለይቶ ማንሳት፣ የሚያስፈልጉትን ደግሞ ማጥበቅ ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ትዕዛዞቹን ያሰፈርኳቸው እንደሚነበቡት ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው፣ ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበትን ቦታ ለብቻው እናገራለሁ። እንደ «-ኤል» ያለ ነገር ስታዩ ሰረዝና ኤል የምትባለዋ ፊደል ማለት ነው። «/ኢቲሲ» እና «/ዩኤስአር» ፊደል በፊደል የሚነበቡ የሲስተም ፎልደሮች ናቸው። ነጥብ፣ ሰረዝና ሌሎች ምልክቶች እንዳሉ ይገባሉ።

መጀመሪያ ጠያቂውን መለየት

ፓስወርድ የሚጠይቀው አንድ አካል ብቻ አይደለም። ይህን ሳይለዩ ማስተካከል የጀመሩ ሰዎች ናቸው ብዙ ሰዓት የሚያባክኑት። አንዱን ፋይል ይቀይራሉ፣ ጥያቄው ግን ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ ምንም ለውጥ አይታይም።

ተርሚናል ላይ የሚጠይቀው ሱዶ ነው። ከትዕዛዝ በፊት «ሱዶ» ስትሉ ፓስወርድ ይጠይቅና ያንን አንድ ትዕዛዝ በሩት ሥልጣን ያስኬደዋል። ሩት ማለት ሲስተሙ ላይ ምንም የማይከለከል ተጠቃሚ ነው።

በመስኮት የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ፖልኪት ነው። ሶፍትዌር መጫኛው፣ የኔትወርክ ማስተካከያው፣ ዲስክ ከፋቹ፣ ሁሉም «ይህን ሰው ልፍቀድለት?» ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው። ፖልኪት የሱዶን ፋይል አያነብም። ሱዶም የፖልኪትን አያነብም። አንዱ ላይ ያደረጋችሁት ለውጥ ሌላው ላይ የማይታየው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የቁልፍ ማኅደሩ ነው፣ ኪሪንግ የሚባለው። የዋይፋይና የብሮውዘር ሚስጥሮችን የሚይዝ ነው። ይህ ከአስተዳዳሪነት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ኮምፒውተሩ ሲበራ ያለ ፓስወርድ እንዲገባ አድርጋችሁት ከሆነ፣ ኪሪንግ የሚከፈትበትን ፓስወርድ ስላላገኘ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይጠይቃል። መፍትሔው በፓስወርድ መግባት ነው። የኪሪንጉን ፓስወርድ ባዶ አድርጉት የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እንደዚያ ካደረጋችሁ ሚስጥሮቹ ሳይመሰጠሩ ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ አልመክረውም።

ገና ሲበራ፣ የመግቢያው ገጽ ሳይመጣ የሚጠይቀው ደግሞ የዲስክ ምስጠራው ነው። እሱን ተዉት።

አስተዳዳሪው ማን ነው?

ሊኑክስ ላይ አስተዳዳሪ መሆን ማለት የአንድ ግሩፕ አባል መሆን ማለት ነው። ኡቡንቱ፣ ዴቢያንና ሊኑክስ ሚንት ላይ ግሩፑ «ሱዶ» ይባላል። ፌዶራና አርች ላይ «ዊል» ነው። አባል መሆናችሁን ለማየት ተርሚናል ላይ «ግሩፕስ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ይህን፦

ሱዶ -ኤል

የሚፈቀድላችሁን ትዕዛዝ ሁሉ ይዘረዝራል። የሌላ ሰው እንዲታያችሁ «ሱዶ -ኤል -ዩ» ብላችሁ የተጠቃሚውን ስም አስከትሉ። ዩ ትልቅ ፊደል ነው።

ስርጭቶቹ፣ ማለትም እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች፣ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ኡቡንቱ የሩትን አካውንት ዘግቶ ይመጣል፣ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ግሩፑ ውስጥ ይገባል። ዴቢያን ስትጭኑ ግን ለሩት ፓስወርድ ከሰጣችሁ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሱዶ ግሩፕ ውስጥ አይገባም። ቦታውን ባዶ ከተዋችሁት ይገባል። «በሱዶወርስ ፋይል (የሱዶ ደንቦች በተጻፉበት ፋይል) ውስጥ የለህም» የሚል መልስ ዴቢያን ላይ የሚያጋጥማቸው ብዙ ሰዎች ምክንያታቸው ይኸው ነው። አርች ላይ ደግሞ ዊል ግሩፕ ውስጥ መግባት ብቻውን አይበቃም። ሱዶወርስ ውስጥ የዊልን መስመር ከፊቱ ያለውን የመሰላል ምልክት (#) አንስታችሁ ማንቃት አለባችሁ።

አንድ ሰው አስተዳዳሪ ለማድረግ፦

ሱዶ ዩዘርሞድ -ኤጂ ሱዶ ሰላም

ኤ ትንሽ፣ ጂ ትልቅ ፊደል ነው። «ሰላም» የምሳሌ ስም ነው፣ ፌዶራ ላይ «ሱዶ» በሚለው የግሩፕ ስም ፋንታ «ዊል» በሉ። ያቺን ትንሿን ኤ እንዳትረሱ። ኤ ማለት «ጨምር» ነው። ከሌለች ትዕዛዙ ተጠቃሚውን ከሌሎቹ ተጨማሪ ግሩፖች ሁሉ ያወጣውና የጠቀሳችሁት ውስጥ ብቻ ያስቀምጠዋል። ብቸኛው አስተዳዳሪ ራሱን ወደ ሌላ ግሩፕ ሊጨምር ሲል ኤን ረስቶ ከሱዶ ግሩፕ ይወጣል፣ ከዚያ የሚመልሰው ሰው አይኖርም። የማስተካከያውን መንገድ መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ግሩፕ ከተቀየረ በኋላ ከሴሽኑ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል። የግሩፕ ዝርዝር የሚነበበው በመግቢያ ሰዓት ነው። ግኖም በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ከሆናችሁ ሴቲንግስ ውስጥ «ዩዘርስ» ገጽ ላይ ያለችውን የአስተዳዳሪ ማብሪያ መንካትም ያንኑ ይሠራል።

ኮምፒውተሩን ከአንድ ሰው በላይ የሚጠቀምበት ከሆነ አስተዳዳሪው አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል። ሌሎቹ ተራ ተጠቃሚ ይሁኑ። ተራ ተጠቃሚ አንድ ነገር ሲነካ ፖልኪት የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ስለሚጠይቅ አስተዳዳሪው መጥቶ ማስገባት ይችላል፣ አካውንት መቀየር አያስፈልግም።

ከሱዶና ከዊል ሌላ ልታውቋቸው የሚገቡ ግሩፖች አሉ። «ዶከር» ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው የሲስተሙን ዲስክ በሙሉ ኮንቴይነር ውስጥ ከፍቶ መጻፍ ይችላል። «ዲስክ» ግሩፕ ውስጥ ያለ ደግሞ ዲስኩን በቀጥታ ያነባል፣ ይጽፋል። ሁለቱም ያለ ፓስወርድ ሩት መሆን ናቸው። ሱዶን አጥብቃችሁ እነዚህን ክፍት ብትተዉ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

የሱዶን ልማድ መቀየር

ፋይሉ /ኢቲሲ/ሱዶወርስ ነው። በተራ ኤዲተር አትክፈቱት። ውስጡ አንድ የአጻጻፍ ስሕተት ካለ ሱዶ ሥራውን ሊያቆም ይችላል፣ ሱዶ ከቆመ ደግሞ ፋይሉን የምታርሙበት ሥልጣን የላችሁም። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፣ ቪሱዶ ይባላል። ፋይሉን ይከፍትላችኋል፣ ስታስቀምጡ አጻጻፉን ይመረምራል፣ ስሕተት ካገኘ ከማጽደቁ በፊት ይነግራችኋል።

ከመንካታችሁ በፊት ሁለተኛ ተርሚናል ክፈቱና «ሱዶ -አይ» ብላችሁ የሩት ሼል (በሩት ሥልጣን ትዕዛዝ የሚቀበል ተርሚናል) ውስጥ ግቡ። ሥራው እስኪያልቅና እስኪፈተሽ ድረስ አትዝጉት። ነገሩ ከተበላሸ መመለሻችሁ እሱ ነው።

ዋናውን ፋይልም ባትነኩት ጥሩ ነው። የራሳችሁን ለውጥ /ኢቲሲ/ሱዶወርስ.ዲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ በትንሽ ፋይል አስቀምጡ። ሲስተሙ ሲዘምን ከእናንተ ለውጥ ጋር አይጋጭም፣ ስትፈልጉም ፋይሉን ማጥፋት ብቻ ይበቃል። አከፋፈቱ፦

ሱዶ ቪሱዶ -ኤፍ /ኢቲሲ/ሱዶወርስ.ዲ/10-ልማድ

ለፋይሉ የፈለጋችሁትን ስም በላቲን ፊደል ስጡት፣ ነጥብ ግን አይኑርበት። ስሙ ውስጥ ነጥብ ያለበትን ፋይል ሱዶ ሳያነብ ያልፈዋል። ጓደኛ የላከላችሁን ፋይል ከነቅጥያው አስቀምጣችሁ «አልሠራም» የምትሉት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ የምትቀይሩት ሱዶ ፓስወርድን የሚያስታውስበትን ጊዜ ነው። አንዴ ፓስወርድ ካስገባችሁ ሱዶ ለተወሰነ ደቂቃ በዚያው ተርሚናል ላይ ደግሞ አይጠይቅም። የሱዶ የራሱ ልክ 5 ደቂቃ ነው፣ ኡቡንቱና ዴቢያን ወደ 15 ከፍ አድርገውታል። መስመሩ እንዲህ ነው፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቅ ናት፦

ዲፎልትስ ታይምስታምፕ_ታይምአውት=10

ዜሮ ካላችሁት ሁልጊዜ ይጠይቃል። ከዜሮ በታች ካላችሁት ጊዜው አያልፍበትም። ተርሚናል ላይ ብዙ የምትሠሩ ከሆነ 20 ወይም 30 ደቂቃ ማድረግ ጥያቄውን ከማጥፋት በጣም ይሻላል። ማሽኑን ሰው የሚደርስበት ቦታ የምትተዉ ከሆነ ግን አሳጥሩት። ከወንበር ስትነሱ «ሱዶ -ኬ» ብትሉ የተሰጠው ፈቃድ ወዲያው ይነሳል።

ፓስወርድ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አለመታየቱ ጀማሪን ግራ ያጋባል። ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። በየፊደሉ ኮከብ እንዲታይ ይህን ጨምሩ፦

ዲፎልትስ ፒደብሊውፊድባክ

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፒ እና ደብሊው ፊደሎች ናቸው፣ ከዚያ «ፊድባክ» ተያይዞ ይጻፋል። ሊኑክስ ሚንት ይህን አብርቶ ነው የሚመጣው። የሱዶ ስሪታችሁ ከ1.8.31 በፊት ከሆነ ግን አታብሩት። በድሮዎቹ ስሪቶች ይህ አማራጭ ሲበራ ተራ ተጠቃሚን ሩት ሊያደርግ የሚችል ቀዳዳ ነበር፣ በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በ1.8.31 ተደፈነ። ስሪቱን «ሱዶ -ቪ» ይነግራችኋል፣ ቪ ትልቅ ፊደል።

ኦፕንሱዜ የተጠቀመ ሰው ሱዶ የራሱን ሳይሆን የሩትን ፓስወርድ ሲጠይቀው አይቶ ይሆናል። ይህ «ታርጌትፒደብሊው» በሚባል መስመር የሚመጣ ልማድ ነው። ሰዎች የራሳቸውን ፓስወርድ እንዲያስገቡ ከፈለጋችሁ እሱን ታጠፋላችሁ፣ ግን አብሮት ያለውን ሁሉንም ተጠቃሚ የሚፈቅድ መስመርም ማጥፋት ግድ ነው። አንዱን አጥፍቶ ሌላውን መተው ማንኛውንም ሰው በራሱ ፓስወርድ ሩት ያደርገዋል።

ያለ ፓስወርድ መፍቀድ፣ ግን ለአንድ ትዕዛዝ ብቻ

እዚህ ላይ ዘግየት እንበል፣ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነውና። ሱዶወርስ ውስጥ አንድን ትዕዛዝ ያለ ፓስወርድ የሚያስኬድ «ኖፓስውድ» የሚባል ቃል አለ። በሙሉ ትልልቅ ፊደል ይጻፋል። «ኖ» እና «ፓስወርድ» ተያይዘው፣ ከፓስወርድ ውስጥ ኦ እና አር ወጥተው ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ቃል «ኦል» ከሚለው ጋር ያገናኘዋል፣ ማለትም ሁሉንም ትዕዛዝ ያለ ፓስወርድ። ያኔ በእናንተ ስም የሚሄድ ማንኛውም ፕሮግራም፣ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ስክሪፕት ጭምር፣ ሳይጠይቃችሁ ሩት መሆን ይችላል።

ትክክለኛው አጠቃቀም ይህን ይመስላል፦

ሰላም ኦል=(ሩት) ኖፓስውድ: /ዩኤስአር/ቢን/ኤፒቲ አፕዴት

«ኦል» እና «ኖፓስውድ» በትልልቅ ፊደል፣ ሌላው በትንንሽ። ኤፒቲ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ሶፍትዌር የሚጭነው ትዕዛዝ ነው። ሲነበብ፦ ሰላም የምትባል ተጠቃሚ በማንኛውም ማሽን ላይ በሩት ስም «ኤፒቲ አፕዴት» የሚለውን ብቻ ያለ ፓስወርድ ታስኬድ። ይህ ትዕዛዝ የሶፍትዌሮቹን ዝርዝር ከማደስ በላይ ምንም አያደርግም።

አሁን መጨረሻ ላይ ያለችውን «አፕዴት» አንሱና መስመሩን ደግማችሁ እዩት። ኤፒቲ ብቻውን ቀረ። ሱዶ ከትዕዛዙ በኋላ ምንም ካልተጻፈ ማንኛውንም ተከታይ ቃል ይፈቅዳል። ሰላም ራሷ የሠራችውን ጥቅል (የሚጫን የሶፍትዌር ፋይል) ያለ ፓስወርድ መጫን ትችላለች፣ ጥቅል ሲጫን ደግሞ ውስጡ ያሉት ስክሪፕቶች በሩት ሥልጣን ይሄዳሉ። አንድ ቃል በመጉደሉ ዝርዝር የማደስ ፈቃድ ማሽኑን በሙሉ የማስረከብ ፈቃድ ሆነ።

በዚሁ ምክንያት ኤዲተርን ያለ ፓስወርድ አትፍቀዱ። ቪም ውስጥ ሆኖ ሼል መክፈት ይቻላል። ፋይል ማንበቢያው «ሌስ»ም እንደዚሁ። ተጠቃሚው ራሱ ሊያርመው የሚችለውን ስክሪፕትም አትፍቀዱ፣ ዛሬ የጻፋችሁትን ነገ በሌላ ይተካዋል። ስክሪፕቱ የሩት ንብረት ይሁን፣ ያለበት ፎልደርም እንደዚሁ። አንድ ሰው የሲስተም ፋይል እንዲያርም ከፈለጋችሁ «ሱዶኤዲት» የተሻለ ነው። ቅጂውን በተጠቃሚው ሥልጣን ያስከፍታል፣ ሲጨርስ ይመልሰዋል፣ ኤዲተሩ ራሱ ሩት አይሆንም።

የትዕዛዙን ሙሉ አድራሻ «ዊች ኤፒቲ» ብላችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ሱዶወርስ ውስጥ ሁለት መስመሮች አንድን ትዕዛዝ ከነኩ የኋለኛው ይገዛል። ስለዚህ ኖፓስውድ ያለበት መስመር ከግሩፑ መስመር በኋላ መምጣት አለበት። ሱዶወርስ.ዲ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ከዋናው ፋይል መጨረሻ ላይ ስለሆነ እዚያ የጻፋችሁት ያሸንፋል።

ስትጨርሱ «ሱዶ -ኬ» በሉና የተፈቀደውን ትዕዛዝ ሞክሩ። መጠየቅ የለበትም። ቀጥሎ ያልተፈቀደውን ሞክሩ። መጠየቅ አለበት። ሁለተኛውን ሙከራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ዋናው ግን እሱ ነው።

በመስኮት የሚመጣው፦ ፖልኪት

ፖልኪት ሥራዎችን በስም ያውቃቸዋል። ዲስክ መክፈት አንድ ስም አለው፣ የሰዓት ሰቅ መቀየር ሌላ። ሁሉንም ለማየት ተርሚናል ላይ «ፒኬአክሽን» በሉ፣ ፒ፣ ኬ እና «አክሽን» ተያይዘው። ረጅም ዝርዝር ይመጣል። የእናንተን ከዚያ መሐል መፈለግ ግን አድካሚ ነው። የሚቀለው መንገድ ጥያቄው እንዲመጣ አድርጎ ፓስወርዱን ማስገባትና ከዚያ መዝገቡን ማየት ነው፦

ጆርናልሲቲኤል -ዩ ፖልኪት -ኢ

«ጆርናል» ላይ ሲ፣ ቲ፣ ኤል ፊደሎች ይጨመራሉ፣ ዩ እና ኢ ትንንሽ ናቸው። መጨረሻ አካባቢ ማን በማን ስም ለየትኛው ሥራ ፈቃድ እንዳገኘ የሚናገር መስመር ታገኛላችሁ። በ«ኦርግ» የሚጀምር፣ በነጥብ የተከፋፈለ ረጅም ስም አለበት። የምትፈልጉት ስም እሱ ነው። ኬዲኢ በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ከሆናችሁ የጥያቄው መስኮት ራሱ ዝርዝር የምታሳይ ቁልፍ አለው፣ ስሙን እዚያው ታነቡታላችሁ።

ስሙን ካገኛችሁ በኋላ የአሁኑን ልማድ እዩ፦

ፒኬአክሽን --ቨርቦስ --አክሽን-አይዲ

ብላችሁ ስሙን አስከትሉ። ከሚወጡት መስመሮች መካከል ሦስቱን ልብ በሉ። አንዱ ለማንኛውም ሰው፣ አንዱ ሴሽን ኖሮት ስክሪኑ ፊት ለሌለ፣ አንዱ ስክሪኑ ፊት ላለ ተጠቃሚ ነው። በርቀት በኤስኤስኤች ስትገቡ ዴስክቶፑ ላይ ያልነበረ ጥያቄ የሚመጣው በዚህ ልዩነት ነው።

የፖልኪት መልስ ስድስት ዓይነት ነው። «ኖ» ይከለክላል፣ «የስ» ያለ ጥያቄ ይፈቅዳል። «ኦዝ_ሰልፍ» የራሳችሁን ፓስወርድ ይጠይቃል፣ «ኦዝ_አድሚን» የአስተዳዳሪን። እነዚህ ሁለቱ «_ኪፕ» ሲጨመርባቸው መልሱን ለአጭር ጊዜ ያስታውሳሉ፣ አምስት ደቂቃ ያህል። «የስ» ከማለታችሁ በፊት «ኪፕ» ይበቃኝ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አንድ ደንብ እንጻፍ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ አለ፣ በተከፈተ ቁጥር ፓስወርድ ይጠይቃል እንበል። ይህ በእውነት የማያስፈልግ ጥያቄ ነው። /ኢቲሲ/ፖልኪት-1/ሩልስ.ዲ ውስጥ በሩት ሥልጣን አዲስ ፋይል ክፈቱ። ስሙ በቁጥር ቢጀምር ጥሩ ነው፣ በ«.ሩልስ» ማለቅ ግን ግድ ነው፣ ለምሳሌ 20-ዲስክ.ሩልስ። ውስጡ ይህ ይግባ፦

ፖልኪት.አድሩል(ፈንክሽን(አክሽን, ሰብጀክት) {
ኢፍ (አክሽን.አይዲ == "ኦርግ.ፍሪዴስክቶፕ.ዩዲስክስ2.ፋይልሲስተም-ማውንት-ሲስተም" &&
ሰብጀክት.ሎካል && ሰብጀክት.አክቲቭ &&
ሰብጀክት.ኢዝኢንግሩፕ("ሱዶ")) {
ሪተርን ፖልኪት.ሪዘልት.የስ;
}
});

ቋንቋው ጃቫስክሪፕት ነው፣ ስለዚህ የፊደሎቹ መጠን ወሳኝ ነው። «አድሩል» ውስጥ የ«ሩል» መነሻ አር ትልቅ ናት። «ኢዝኢንግሩፕ» ውስጥ የ«ኢን» አይ እና የ«ግሩፕ» ጂ ትልልቅ ናቸው። «ሪዘልት» በትልቅ አር ይጀምራል። «የስ» በሙሉ ትልልቅ ነው። ቀሪው ሁሉ ትንሽ ነው። ቅንፎቹን በትክክል ለማየት «ማን ፖልኪት» ብላችሁ የሲስተሙን መመሪያ ክፈቱ፣ ተመሳሳይ ምሳሌዎች እዚያው አሉ፣ ገልብጣችሁ ስሙን ብቻ መቀየር ትችላላችሁ።

ደንቡ የሚለው ይህን ነው፦ ሥራው የውስጥ ዲስክ መክፈት ከሆነ፣ ሰውየው ማሽኑ ፊት ከተቀመጠ፣ የሱዶ ግሩፕ አባልም ከሆነ፣ አትጠይቀው። «ሎካል» እና «አክቲቭ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለማሳጠር ብላችሁ አትተዉ። እነሱ ካሉ ይህ ፈቃድ በርቀት ለሚገባ ሰው አይሠራም።

ፋይሉን ካስቀመጣችሁ በኋላ ማሽኑን ማጥፋት አያስፈልግም። ፖልኪት ፎልደሩን ስለሚከታተል ራሱ ያነበዋል። ካልሠራ ያንኑ መዝገብ ክፈቱ፣ የአጻጻፍ ስሕተት ካለ እዚያ ይጻፋል። ደንቦቹ በስም ቅደም ተከተል ይነበባሉ፣ መጀመሪያ መልስ የሰጠው ይገዛል። ሱዶ ላይ የኋለኛው ነበር፣ ፖልኪት ላይ የፊተኛው ነው። ለፋይላችሁ አነስተኛ ቁጥር የሰጠሁት ለዚህ ነው።

የቆየ ሲስተም ላይ ይህ ላይሠራ ይችላል። ኡቡንቱ 22.04 እና ዴቢያን 11 የያዙት 0.105 የተባለውን የፖልኪት ስሪት ነው፣ እሱ የጃቫስክሪፕት ደንብ አያውቅም። ኡቡንቱ 24.04 እና ዴቢያን 12 ያውቃሉ። «ፒኬአክሽን --ቨርዥን» ስሪቱን ይነግራችኋል።

በየቦታው የሚዞር አንድ ደንብ አለ፦ የሥራውን ስም ሳያይ ለግሩፑ አባል ሁሉ «የስ» የሚል። እባካችሁ አታስገቡት። ፖልኪት ማንኛውንም ትዕዛዝ በሩት የሚያስኬድ «ፒኬኤግዜክ» የሚባል መሣሪያ አለው፣ ያ ደንብ ካለ እሱም ሳይጠይቅ ያልፋል። ከኖፓስውድ ኦል በምንም አይለይም፣ የሚለየው ፋይሉ ሌላ በመሆኑ ሰው ስለማያየው ብቻ ነው። /ዩኤስአር/ሼር ውስጥ ያሉትን የፖልኪት ፋይሎችም አትንኩ። ሲስተሙ ሲዘምን ለውጣችሁን ያጠፋዋል።

ማጥበቅም በዚያው መንገድ ነው። አንዳንድ ስርጭቶች አስተዳዳሪ ሶፍትዌር ሲጭን ፓስወርድ አይጠይቁም። ይህ ካልተመቻችሁ በጥቅል መጫኛው ስም ደንብ ጻፉና መልሱን «ኦዝ_አድሚን» አድርጉት፣ በትልልቅ ፊደል።

ሙሉ ዴስክቶፕ ሳይሆን አይስሪ ወይም ስዌይ የሚባሉትን ቀለል ያሉ የመስኮት አስተዳዳሪዎች የምትጠቀሙ ሰዎች ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። ፕሮግራሙን ትጫናላችሁ፣ ምንም አይሆንም። ጥያቄም የለም፣ ስሕተትም የለም። ፖልኪት ጥያቄውን የሚያሳይለት መስኮት አጥቶ ነው። ግኖምና ኬዲኢ ይህን ይዘው ይመጣሉ፣ እነዚህኞቹ ግን አይዙም። «ኤልኤክስፖልኪት» ወይም የማቴ ዴስክቶፑን የፖልኪት ወኪል ጫኑና ሴሽኑ ሲጀምር አብሮ እንዲነሳ አድርጉ።

ማዘመን

ሱዶና ፒኬኤግዜክ በማንም ተጠቃሚ ቢጠሩ በሩት ሥልጣን ነው የሚነሱት። ስለዚህ ውስጣቸው ያለ ቀዳዳ የጻፋችሁትን ደንብ ሁሉ ይሻገራል። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የሱዶ ቀዳዳ ከ2011 ጀምሮ ኮዱ ውስጥ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጥር የወጣው የፒኬኤግዜክ ቀዳዳ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ። ሁለቱም ሱዶወርስ ውስጥ ስሙ የሌለን ተራ ተጠቃሚ ሩት ያደርጉ ነበር፣ ሁለቱም የተደፈኑት በዝማኔ ነው። የደኅንነት ዝማኔዎችን በራሳቸው እንዲጫኑ አድርጉ።

ከአስተዳዳሪነት ከተቆለፋችሁ

መጀመሪያ አትደናገጡ። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ «አይደለም» የሚላችሁ ከሆነ ደጋግማችሁ ተሳስታችሁ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። አርች ላይ ለምሳሌ ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለ10 ደቂቃ ይቆለፋል። ጠብቁና እንደገና ሞክሩ። የኪቦርዱን ቋንቋም እዩ፣ ወደ አማርኛ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

የተበላሸው የሱዶወርስ ፋይል ከሆነ ሱዶ አይሠራም፣ ፖልኪት ግን ይሠራል። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከዴስክቶፑ ተርሚናል ይህን ጻፉ፦

ፒኬኤግዜክ ቪሱዶ

በመስኮት ፓስወርድ ይጠይቃችሁና ፋይሉ ይከፈታል። የተበላሸው በሱዶወርስ.ዲ ውስጥ ያለው ከሆነ «-ኤፍ» ብላችሁ የፋይሉን ስም ጨምሩ።

ከግሩፑ ራሱ ወጥታችሁ ከሆነ ግን ፖልኪትም አያውቃችሁም። ያኔ ማሽኑን እንደገና አስነሱ። ግረብ የሚባለው የመጀመሪያ ምርጫ ገጽ ካልታየ ሲነሳ ኢስኬፕ ወይም ሺፍት ተጫኑ። ኡቡንቱ ላይ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚለውን መርጣችሁ ከሚመጣው ዝርዝር ሩትን ምረጡ። እሱ ከሌለ ወይም የተዘጋውን የሩት ፓስወርድ ከጠየቀ፣ መነሻው መስመር ላይ ሆናችሁ ኢ የምትለዋን ፊደል ተጫኑ፣ በ«ሊኑክስ» የሚጀምረውን መስመር ፈልጉና መጨረሻው ላይ ይህን ጨምሩ፦

ኢኒት=/ቢን/ባሽ

ኮንትሮልና ኤክስ ስትጫኑ የሩት ሼል ይከፈታል። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ስለሚሆን መጀመሪያ «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /» በሉ። ከዚያ የዩዘርሞዱን ትዕዛዝ ያለ ሱዶ አስኬዱ፣ ያቺን ትንሿን ኤ ጨምራችሁ። ፌዶራ ላይ ከሆናችሁ «ተች /.ኦቶሪሌብል» ማለትን አትርሱ፣ አለበለዚያ ሲነሳ መግባት ልትከለከሉ ትችላላችሁ። በመጨረሻ «ሲንክ»፣ ቀጥሎ ማሽኑን በቁልፉ አጥፍታችሁ አብሩት።

ይህን ማንም ማሽኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ሊያደርገው እንደሚችል ልብ በሉ። የሚያግደው የዲስክ ምስጠራ ነው፣ እሱም የሚበራው አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ ሲጫን ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ስትጭኑ አብሩት። አሁን ተመልሳችሁ ግቡና «ሱዶ -ኤል» በሉ። ዝርዝሩ ከመጣ ሥልጣናችሁ ተመልሷል፣ ሌላ የጎደለ ግሩፕ ካለም «ግሩፕስ» ብላችሁ እዩና አንድ በአንድ መልሱት።